የተማሪ ጥናት በሕክምና ጉባኤ ውድድር ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች ጥናታቸውን በሕክምና ተማሪዎች ጉባኤ ላይ ለውድድር ለማቅረብ የሚዘጋጁ ቡድኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። የቃላት ገደብ፣ የደቂቃ ብዛትና የፖስተር መጠን ከጉባኤ ጉባኤ ስለሚለያይ፣ እዚህ የተጻፈው ቁጥር ከአዘጋጆቹ መመሪያ ጋር ከተጋጨ መመሪያውን ያዙ።

«ኦሪጅናል ጥናት» ሲባል የቱ የቱ ይገባል?

አንድ ጥያቄ አንስታችሁ፣ መረጃ ራሳችሁ ሰብስባችሁ ወይም ተሰብስቦ የተቀመጠውን ራሳችሁ ተንትናችሁ የደረሳችሁበት ውጤት ኦሪጅናል ጥናት ይባላል። በመጠይቅ የተሠራ፣ ከታካሚዎች ካርድ የተለቀመ፣ በላቦራቶሪ የተካሄደ፣ አንዱን ሕክምና ከሌላው ያነጻጸረ ጥናት ሁሉ ይገባል። የአንድ ታካሚ ታሪክ፣ ማለትም ኬዝ ሪፖርት፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ዘርፍ አለው። አከራካሪው ሲስተማቲክ ሪቪው፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በሥርዓት ሰብስቦ የሚገመግም ሥራ፣ ነው፤ አንዱ ጉባኤ እንደ ኦሪጅናል ጥናት ሲቀበለው ሌላው አይቀበለውም። መመሪያው ግልጽ ካልሆነ ለአዘጋጆቹ ጽፋችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡት። በተሳሳተ ዘርፍ የገባ ጥሩ ሥራ ሳይነበብ ሊመለስ ይችላል።

ዳኞች ነጥብ የሚሰጡት በምን ላይ ነው?

የነጥብ መስጫ ቅጹ ብዙውን ጊዜ አምስት ነገሮችን ይመዝናል፦ የጥያቄው አዲስነትና ፋይዳ፣ የዘዴው ተገቢነት፣ የውጤቱ አቀራረብ፣ የመደምደሚያውና የውጤቱ መጣጣም፣ በመጨረሻም አቅራቢው ለጥያቄ የሚሰጠው መልስ። ቅጹ ይፋ ካልተደረገ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ብዙ ቡድን የሚሰናከለው አራተኛው ላይ ነው። ጥያቄው «ስንት ታካሚ መድኃኒቱን ያቋርጣል?» ሆኖ መደምደሚያው «ማኅበረሰቡን ማስተማር ይገባል» ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል የሚያገናኝ ነገር የለም፤ ማስተማሩ መድኃኒት ማቋረጥን ይቀንስ እንደሆነ ጥናቱ አልመረመረም። ጥያቄ፣ ዘዴ፣ ቁጥርና መደምደሚያ በአንድ ክር ካልተያያዙ የስላይድ ውበት አያድንም። ከታች የምንሰጠው ምክር ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ናሙና ትንሽ ነው። ከትልልቆቹ ጋር እንወዳደራለን?

ትወዳደራላችሁ፣ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚናገር በሐቅ ካሳያችሁ። ከ40 ታካሚዎች 12ቱ ላይ ችግሩ ከታየ 30% ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ማለትም እውነተኛው መጠን ሊያርፍበት የሚችለው ክልል፣ ከ18% እስከ 45% ገደማ ነው፣ እሱንም አብራችሁ አስቀምጡ። ምንም ያልታየበት ውጤት ደግሞ ዜሮ ነው ማለት አይደለም። ከ60 ታካሚዎች በአንዱም ላይ ጉዳት ካልታየ 3ን ለ60 አካፍሉ፤ እውነተኛው መጠን እስከ 5% ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ይህን ቀላል ስሌት አውቆ ያቀረበ ተማሪ ዳኛው ዘንድ ወዲያው ይታወቃል።

በሌላ በኩል 384 ሰው ስላገኘን ጥናታችን ትልቅ ነው ብላችሁ አትዝናኑ። «384 ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ቁጥሩ የሚገኘው የሚለካውን መጠን 50%፣ የስሕተት ወሰኑን 5%፣ የመተማመን ደረጃውን 95% አድርጎ ሲሰላ ነው፤ ላልመለሱ ሰዎች 10% ሲጨመርበት 423 ይሆናል። ይህ ስሌት የሚሠራው አንድን መጠን ለመገመትና ተራ የዕጣ ናሙና ሲወሰድ ነው። ሁለት ቡድን ለማነጻጸር ወይም ሰዎችን በክላስተር፣ ማለትም በየክፍሉና በየመንደሩ በጅምላ ለመረጣችሁበት ጥናት አይበቃም። በልማድ የተቀዳ ቀመር መሆኑ ከታወቀ የዘዴ ነጥባችሁ ይወርዳል።

ካርድ ብቻ ነው ያየነው። የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልገናል?

መጠየቅ ግዴታ ነው። ኮሚቴው ጥናቱን ከሙሉ ግምገማ ነፃ ሊያደርገው ወይም የታካሚዎችን የፈቃድ ፊርማ ሊያስቀርላችሁ ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን ኮሚቴው ነው፣ እናንተ ወይም አማካሪያችሁ አይደላችሁም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓለም የሕክምና ማኅበር የጸደቀውና ብዙ ጊዜ የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫም የጥናት ዕቅድ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለኮሚቴ እንዲቀርብ ያዛል። «ከመጀመሩ በፊት» የሚለውን አስምሩበት። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴ አትጠብቁ፤ በዚህ ምክንያት የወራት ልፋት ከውድድር ውጭ ይሆናል።

የፈቃዱን ቁጥርና ቀን በእጃችሁ ያዙ። ብዙ የማመልከቻ ቅጾች ይጠይቃሉ፣ ዳኛም ሊጠይቅ ይችላል። ለኬዝ ሪፖርት ደግሞ የታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ታካሚው ካልቻለ ወይም በሕይወት ከሌለ በሕጉ መሠረት ስለ እርሱ መወሰን የሚችለው ሰው ይፈርማል።

ጥናቱ ገና አላለቀም። ማመልከት እንችላለን?

መመሪያው በሂደት ላይ ያለ ጥናት ከተቀበለ አዎ። ነገር ግን አብስትራክቱ፣ ማለትም ለማመልከቻ የሚላከው የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ፣ ውስጥ «ውጤቱ በጉባኤው ላይ ይቀርባል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ገምጋሚው ነጥብ የሚሰጥበት ነገር የለውም። እስካሁን ያለውን ቁጥር አስቀምጡ፣ ጊዜያዊ መሆኑንም ግለጹ። ከማመልከቻው በኋላ መረጃ ተጨምሮ ቁጥሩ ከተቀየረ በጉባኤው ዕለት በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳውቁ፦ «አብስትራክቱ ሲላክ 140 ተሳታፊ ነበር፣ ዛሬ የምናቀርበው የ180 ነው»። ዳኛው የታተመውን አብስትራክት በእጁ ይዟል፤ ሳትናገሩ የተለየ ቁጥር ካየ ስሕተት ነው ብሎ ይወስዳል።

አብስትራክቱን እንዴት እንጻፍ?

በአራት ክፍል፦ መነሻ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ መደምደሚያ። ገደቡ 300 ቃል ከሆነ ለመነሻው 50፣ ለዘዴው 90፣ ለውጤቱ 110፣ ለመደምደሚያው 50 መድቡ። አብዛኛው ጀማሪ ይህን ገልብጦ ይሠራል፤ በሽታው በዓለም ላይ ስላለው ጉዳት ግማሹን ገጽ ይጨርስና ለውጤቱ ሁለት መስመር ይተርፈዋል። ገምጋሚው የበሽታውን ክብደት ያውቃል። የማያውቀው እናንተ ያገኛችሁትን ነው።

ስለዚህ ከውጤቱ ጀምራችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ያንን ውጤት ያስገኘውን ዘዴ፣ ከዚያ መደምደሚያውን፣ መነሻውን በመጨረሻ። ርእሱንም ያኔ አስተካክሉ፤ ምን በማን ላይ እንደተጠና እና የጥናቱን ዓይነት ይናገር።

የዘዴው ክፍል የጥናቱን ዓይነት፣ ጊዜውን፣ ተሳታፊዎቹ እንዴት እንደተመረጡ፣ ዋናው ውጤት እንዴት እንደተለካና በምን እንደተተነተነ ይይዛል። የምትከተሉት የአዘገጃጀት ዝርዝር ካለ ሥራውን ያቀላል፦ ለምልከታ ጥናቶች ስትሮብ፣ ለዕጣ ሙከራዎች ኮንሶርት፣ ለሲስተማቲክ ሪቪው ፕሪዝማ፣ ለኬዝ ሪፖርት ኬር።

የውጤት አጻጻፍ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ልዩነት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ለማሳያ በተፈጠሩ ቁጥሮች ሁለት አጻጻፎችን አስተያዩ (ፒ ቫልዩ ማለት እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ነው)።

«በሁለቱ ቡድኖች መካከል ከፍተኛ ልዩነት ታይቷል፣ ፒ ቫልዩ ከ0.05 በታች።»

«ኢንፌክሽን የታየው ከመጀመሪያው ቡድን 120 ታካሚዎች በ18ቱ (15%)፣ ከሁለተኛው 124 በ31ዱ (25%) ላይ ነው። ልዩነቱ 10 ነጥብ ሲሆን 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ0.1 እስከ 19.9 ነው።»

ሁለቱም ስለ አንድ መረጃ የተጻፉ ናቸው። ሁለተኛው ግን የልዩነቱን መጠን ይነግረናል፣ የታችኛው ወሰን ዜሮን ለጥቂት እንዳለፈም አይደብቅም። በመጀመሪያው ላይ «ከፍተኛ» የሚለው ቃል የጸሐፊው ግምት ነው እንጂ መረጃ አይደለም።

አብስትራክት ውድቅ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

ከሳይንሱ ይልቅ ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ ጉድለት። ድምሩ የማይገጥም ቁጥር ቀዳሚው ነው፤ ዘዴው ላይ 210 ተሳታፊ ተብሎ ውጤቱ ላይ የሴቶችና የወንዶች ድምር 204 ይሆናል፣ ስድስቱ የት እንደገቡ የሚናገር የለም። ቀጥሎ የሚመጣው የገምጋሚን ዓይን ያልጠበቀ ጽሑፍ ነው። ግምገማው ስም ተደብቆ የሚካሄድ ከሆነ የሆስፒታላችሁ ወይም የትምህርት ቤታችሁ ስም በጽሑፉ ውስጥ፣ በፋይሉ ስምም ሆነ በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ መገኘት የለበትም። ከቃላት ገደብ ማለፍ፣ የራሳችሁ ምኅጻረ ቃላት፣ በውጤቱ ውስጥ የሌለ ነገር የሚናገር መደምደሚያም ያስጥላሉ።

የማመልከቻው መዝጊያ ሰዓት በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሆነ አረጋግጡ፣ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድማችሁ ላኩ። በመጨረሻው ሰዓት ድረ ገጹ ይጨናነቃል።

የማን ስም ይግባ? በምን ቅደም ተከተል?

የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርቶች አሉት፣ አራቱም መሟላት አለባቸው፦ በሐሳቡ፣ በመረጃ አሰባሰቡ ወይም በትንተናው ላይ እውነተኛ ድርሻ፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በቁም ነገር ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂነትን መቀበል። መጠይቅ ብቻ የበተነ ጓደኛ ምስጋና ላይ ይጠቀሳል። የክፍል ኃላፊ ስለሆኑ ብቻ የሚገባ ስም የለም።

ቅደም ተከተሉን ሥራው ሲጀመር ተነጋግራችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። ጉባኤው ሲቃረብ የሚነሣ ጠብ ቡድኑን ይበትናል። ማንኛውም ተባባሪ ጸሐፊ፣ በተለይ አማካሪያችሁ፣ አብስትራክቱን ሳያዩና ሳይስማሙ አይላክ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጠቀም ይፈቀዳል?

የጉባኤውን ደንብ እዩ። ከላይ የጠቀስነው ኮሚቴ እንዲህ ያለ መሣሪያ ጸሐፊ ሆኖ ሊመዘገብ እንደማይችልና አጠቃቀሙ መገለጽ እንዳለበት ይደነግጋል። ያልተፈቀደበት መሣሪያ ውስጥ የታካሚ መረጃ አታስገቡ። መሣሪያው የጠቀሰላችሁን ጥናት ሁሉ ዋናውን ከፍታችሁ አረጋግጡ፤ የሌለ ጥናት ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል።

8 ደቂቃ ተሰጥቶናል። እንዴት እንከፋፍለው?

ርእስ 20 ሰከንድ፣ መነሻ 1 ደቂቃ፣ የጥናቱ ጥያቄ 20 ሰከንድ፣ ዘዴ 1 ደቂቃ ከ45፣ ውጤት 3 ደቂቃ፣ ውስንነት 45 ሰከንድ፣ መደምደሚያ 30 ሰከንድ። ድምሩ 7 ደቂቃ ከ40 ነው፤ የቀረው 20 ሰከንድ መድረክ ላይ ለሚጠፋው ጊዜ ይሁን። ለዚህ ከ8 እስከ 10 ስላይድ ይበቃል።

ጥያቄውን ለብቻው በአንድ ስላይድ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡት። ከመደምደሚያው ስላይድ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ካልመለሰ አንዱ መስተካከል አለበት።

በእንግሊዝኛ የምታቀርቡ ከሆነ በደቂቃ ከ110 እስከ 130 ቃል ተመጣጣኝ ፍጥነት ነው፤ ለ8 ደቂቃ ከ1,000 ቃል ያልበለጠ ማለት ነው። ሙሉውን ጽሑፍ መሸምደድ ግን አንመክርም። አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፣ የቀረውን ስላይዱ እያስታወሳችሁ ተናገሩ። ልምምዱ ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ተይዞ ይሁን። ቢያንስ አንዱን ስለ ርእሱ ምንም በማያውቅ ሰው ፊት አድርጉት፣ ሲያበቃም «ምን አገኘን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ዋናው ውጤት ካልሆነ ጉድለቱ ያለው አቀራረቡ ላይ ነው።

ከደቂቃው አትለፉ። አንዳንድ ጉባኤ ነጥብ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ማይኩን ያጠፋል፤ ተቆርጦ የሚቀረው ደግሞ ሁልጊዜ መደምደሚያው ነው።

ስላይድ ላይ ሰንጠረዥ ይሻላል ወይስ ግራፍ?

ለአንድ መልእክት አንድ ግራፍ። ከትንተና ሶፍትዌሩ እንዳለ የተገለበጠ 14 ረድፍ ሰንጠረዥ ማንም አያነበውም፤ «እዚህ ላይ ባይታይም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካስፈለጋችሁ ስላይዱ መውጣት አለበት። ሰንጠረዥ ግድ ከሆነ እስከ አምስት ረድፍ፣ አስፈላጊው ቁጥር ደመቅ ብሎ። ፊደሉ ከ24 ነጥብ አይነስ። ቀይና አረንጓዴን ብቻ ለማነጻጸሪያ አትጠቀሙ፤ ሁለቱን ለመለየት የሚቸገሩ ብዙ ወንዶች አሉ። ሰማያዊና ብርቱካናማ ይሻላል። የባር ግራፍ ከዜሮ ይጀምር፤ ከ80% የተጀመረ ባር ትንሹን ልዩነት ገደል ያስመስለዋል፣ ዳኛም ያስተውለዋል።

በስታቲስቲክስ በኩል በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች የትኞቹ ናቸው?

ፒ ቫልዩን 0.000 ብሎ መጻፍ። ሶፍትዌሩ ያሳጠረው ነው፤ ከ0.001 በታች ተብሎ ይጻፋል።

ኦድስ ሬሾን እንደ ሪስክ ሬሾ ማንበብ። ሪስክ ሬሾ ችግሩ የታየባቸውን ሰዎች ድርሻ በሁለቱ ቡድኖች ያነጻጽራል፤ ኦድስ ሬሾ ግን የታየባቸውን ላልታየባቸው አካፍሎ ያነጻጽራል። አንዱ ቡድን ላይ ችግሩ 60%፣ ሌላው ላይ 40% ቢሆን ሪስክ ሬሾው 1.5፣ ኦድስ ሬሾው 2.25 ነው። «ከሁለት እጥፍ በላይ የመጋለጥ ዕድል አላቸው» ያለ አቅራቢ ተሳስቷል። ሁለቱ የሚቀራረቡት ችግሩ ብርቅ ሲሆን ነው፤ ከ10% በላይ በሆነ ቁጥር እየተራራቁ ይሄዳሉ።

በአንድ ጊዜ ከተለካ ነገር ምክንያትን ማውጣት። በክሮስ ሴክሽናል ጥናት እንቅልፍ ማጣትና ድባቴ አብረው ቢገኙ የቱ የቱን እንዳመጣ አይታወቅም። «ተያይዟል» በሉ፤ «አስከትሏል»፣ «ጨምሯል»፣ «ቀንሷል» አትበሉ።

ብዙ መፈተሽ፣ የወጣውን ብቻ ማሳየት። እውነተኛ ልዩነት በሌለበት 20 ነፃ ፈተናዎች በ0.05 ቢካሄዱ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ጉልህ» የመሆኑ ዕድል 64% ነው። ስንት እንደፈተሻችሁ ተናገሩ፤ ዋናውን ውጤት መረጃውን ከማየታችሁ በፊት ወስኑ።

ጥቂት ክስተት ላይ ብዙ ተለዋዋጭ መጫን። ለሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ ማለትም ብዙ ተለዋዋጮች ከአንድ «አዎ ወይም አይደለም» ውጤት ጋር ያላቸውን ዝምድና አብሮ ለሚተነትን ዘዴ፣ ለአንድ ተለዋዋጭ 10 ክስተት ገደማ የሚለው የተለመደ መነሻ ነው። 30 ሰው የሞተበት ጥናት ላይ 12 ተለዋዋጮች ከገቡ የሚወጣው ቁጥር አይታመንም፤ ኢንተርቫሉ ራሱ ከ1.1 እስከ 48 ተለጥጦ ያሳብቃል።

የተዛባ ስርጭትን በአማካይ መግለጽ። የሆስፒታል ቆይታ አማካይ 6 ቀን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የቁጥሮቹ መበታተን መለኪያ) 9 ቀን ከሆነ ጥቂት በጣም ረጅም ቆይታዎች አሉ ማለት ነው፤ ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ ያለውን ቁጥር) እና የሩብ ክልሉን (መካከለኛው ግማሽ ያረፈበትን) ስጡ። ከ7 ሰዎች 3ቱን 42.86% ማለትም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ የነጥብ ቤቶች የሌለ ትክክለኛነት ያስመስላሉ።

ምንም ልዩነት አላገኘንም። ይቀርባል?

ይቀርባል፣ ደፍራችሁ አቅርቡት። ግን «ልዩነት የለም» እና «ልዩነት መኖሩን ማወቅ አልቻልንም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱ 1 ነጥብ ሆኖ ኢንተርቫሉ ከተቀነሰ 2 እስከ 4 ከሆነ፣ ትልቅ ልዩነት እንደሌለ ተረጋግጧል፤ ይህ ለሐኪም የሚጠቅም ዜና ነው። ከተቀነሰ 20 እስከ 22 ከሆነ ግን ጥናቱ መልስ አልሰጠም። ከውጤቱ በኋላ ተመልሶ «ፓወር»፣ ማለትም ጥናቱ ያለን ልዩነት የማግኘት ዕድሉን፣ ማስላት አይጠቅምም፤ ፒ ቫልዩውን በሌላ ልብስ ከመድገም ውጭ አዲስ ነገር አይናገርም። ንዑስ ቡድኖችን እየቆራረጣችሁ የሆነ ቦታ ላይ ጉልህ ነገር መፈለግም የባሰ ስሕተት ነው።

ፖስተር ስንሠራ መጠኖቹ ምን ይሁኑ?

የተለመደው ኤ0 ነው፣ 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር። ቁመቱ ወይም ወርዱ መርዘሙን ከመመሪያው አረጋግጡ፤ በወርድ የተሠራ ፖስተር ለቁመት በተዘጋጀ ሰሌዳ ላይ አይያዝም። የመጀመሪያው ሥራ የፋይሉን ገጽ በትክክለኛው መጠን መክፈት ነው፤ በተራ ስላይድ መጠን ተሠርቶ ኅትመት ላይ ሲለጠጥ ምስሎቹ ይደበዝዛሉ።

ርእሱ ከ80 እስከ 100 ነጥብ፣ ንዑስ ርእስ ከ40 እስከ 48፣ ጽሑፉ ከ28 እስከ 32 ይሁን። ጠቅላላው ጽሑፍ ከ400 እስከ 600 ቃል ይበቃዋል። ፋይሉን በኤ4 ወረቀት ላይ አትሙት፤ ሁሉም ነገር በአራት እጅ ያንሳል፣ 28 ነጥቡ 7 ይሆናል። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ሳትቸገሩ ካነበባችሁት ትልቁም ከሩቅ ይነበባል።

ምስል በታተመበት መጠን በኢንች ቢያንስ 150 ነጥብ ይኑረው። 800 ፒክስል ስፋት ያለው ግራፍ በ40 ሴንቲ ሜትር ቢታተም በኢንች 51 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፣ ይደበዝዛል። ግራፎችን ከሶፍትዌሩ በቬክተር መልክ፣ ማለትም ቢለጠጥም በማይደበዝዝ የፋይል ዓይነት፣ አውጡ። ኪውአር ኮድ ካስገባችሁ ስፋቱ ከሚነበብበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ከ1 ሜትር ለሚያነሣ ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ወደ ማተሚያ ቤት ፒዲኤፍ እንጂ የስላይድ ፋይል አይላክ፣ ፊደሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀይሮ አሰላለፉን ይበትነዋል።

ፖስተሩ ጎን ስትቆሙ የ2 ደቂቃ ማብራሪያ ተዘጋጅታችሁ ያዙ። ዳኛው ሲመጣ ከላይ ወደ ታች አታንብቡለት። ጥያቄውን ተናግራችሁ ወደ ዋናው ግራፍ ውሰዱት።

የታካሚ ፎቶ ወይም ኤክስሬይ ለማሳየት ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ዓይን ላይ ጥቁር መስመር መዘርጋት ማንነትን አይደብቅም፤ ይህን ልማድ ተዉት። ፊት የሚታይበት ፎቶ የታካሚውን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ፈቃዱም በጉባኤ መታየትን የሚጠቅስ መሆን አለበት። በኤክስሬይና በአልትራሳውንድ ጠርዝ ላይ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ቀን ይጻፋሉ፤ ምስሉ ላይ የታተሙ ስለሆኑ ለየብቻ መጥፋት አለባቸው።

ብዙዎች የማያውቁት አደጋ ሁለት አለ። ፓወርፖይንት ላይ ጠርዙ የተቆረጠ ምስል በሙሉ ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ስላይዱ የደረሰው ሰው ቆረጣውን መልሶ ስሙን ማየት ይችላል። የተቆረጠውን ክፍል የሚያጠፋውን ትእዛዝ ተጠቀሙ ወይም ምስሉን ቀድማችሁ በሌላ ፕሮግራም ቆርጣችሁ አስገቡ። ሁለተኛው ከኤክሴል ተገልብጦ የተለጠፈ ግራፍ ነው፤ ሙሉው የመረጃ ሠንጠረዥ አብሮት ሊገባ ይችላል፣ የታካሚ ስም ካለበት እሱም። ግራፉን እንደ ምስል ለጥፉት። ፋይሉ በአዘጋጆች ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀርና ለሌሎች ሊተላለፍ እንደሚችል አስቡ።

ዳኞች ምን ምን ይጠይቃሉ?

በቃል ይለያዩ እንጂ የሚመጡት ከጥቂት ቦታ ነው፦

- ይህን የናሙና መጠን በምን ወሰናችሁ?
- ያልተሳተፉት ወይም የጎደለ መረጃ ያላቸው ሰዎች ከተሳተፉት ይለያሉ?
- ውጤቱን ሊያምታታ የሚችለውን ነገር፣ ለምሳሌ ዕድሜን ወይም የበሽታውን ክብደት፣ እንዴት ተቆጣጠራችሁ?
- መለኪያው ወይም መጠይቁ በዚህ ሕዝብና በዚህ ቋንቋ ተፈትሿል?
- ከቀደሙት ጥናቶች የተለየ ውጤት ለምን መጣ?
- አንተ ራስህ የሠራኸው የቱን ክፍል ነው?
- ነገ ጠዋት ሐኪሙ ምን ይለውጥ?

ለእያንዳንዱ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ የሚወስድ መልስ አዘጋጁ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ መጠባበቂያ ስላይድ አስቀምጡ፤ የናሙና ስሌቱ፣ የተሳታፊዎች ፍሰት፣ ሙሉው የሪግሬሽን ሰንጠረዥ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ወደ ተዘጋጀ ስላይድ የሄደ አቅራቢ ጥያቄውን አስቀድሞ ራሱን ጠይቆታል ማለት ነው።

ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪ ይደነግጣል። ትንተናውን የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከሠራላችሁ ያንን ተናገሩ፤ ነውሩ በሰው መታገዛችሁ አይደለም፣ ዘዴው ለምን እንደተመረጠ ማስረዳት አለመቻል ነው። ስላይዱ ላይ የጻፋችሁትን እያንዳንዱን ቃል ማብራራት ካልቻላችሁ ቃሉን አውጡት።

መልሱን ካላወቅነው?

ጥያቄው ካልገባችሁ በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ «ይህን ማለትዎ ነው?» በሉ። ከገባችሁና መልስ ከሌላችሁ «ይህን አልለካንም፤ ስለዚህ ከመረጃችን መናገር አንችልም» ይበቃል፣ ከተቻለ በምን ሊለካ እንደሚችል ጨምሩ። ከዳኛ ጋር አትከራከሩ፤ ስሕተት ካገኘላችሁ ተቀበሉና በውጤቱ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ተናገሩ። የውስንነት ስላይዳችሁ ጥሩ ከሆነ ግማሹ ጥያቄ አይነሣም። ውስንነትን በደፈናው «ናሙናው ትንሽ ነው» ብላችሁ አትለፉ፣ ውጤቱን ወዴት እንደሚገፋው ግለጹ፦ «ክትትላቸውን ያቋረጡት አልተካተቱም፤ እነሱ ይበልጥ ታማሚ ከሆኑ የእኛ ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ነው»።

በዕለቱ ምን ይበላሻል?

ፊደል፣ ቪዲዮና የስክሪን ስፋት። አዳራሹ 16፡9 ወይም 4፡3 መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ፋይሉን በፍላሽ፣ በኢሜይልና በፒዲኤፍ ቅጂ ያዙ፤ በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ከመርሐ ግብሩ በፊት ከፍታችሁ እያንዳንዱን ስላይድ አሳልፉ። ኢንተርኔት የሚፈልግ ነገር አይኑር። አቅራቢው ቢታመም የሚተካው ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተለማመደ ይሁን፣ ደንቡ መተካት መፍቀዱንም እዩ።

በጉባኤ ያቀረብነውን መጽሔት ላይ ማሳተም ይቻላል?

አብስትራክት ወይም ፖስተር በጉባኤ ማቅረብ በብዙ የሕክምና መጽሔቶች ዘንድ እንደ ቀድሞ ኅትመት አይቆጠርም፤ ስትልኩ ግን የት እንደቀረበ ግለጹ። ጉባኤው ሙሉ ጽሑፉን አትሞ የሚያወጣ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል፣ ከመፈረማችሁ በፊት የመብት ውሉን አንብቡ። አንድን ጥናት በሁለት ውድድር ማቅረብ አንዳንዱ ጉባኤ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ይከለክላል። ሁለቱንም አዘጋጆች ሳታሳውቁ አታድርጉት።

ዳኞች የነገሯችሁን በዚያው ቀን ጻፉት። መጽሔት ላይ ገምጋሚው የሚያነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ከአዳራሹ የወጣው የአምስት ደቂቃ ጥያቄና መልስ ለጽሑፉ የውይይት ክፍል ግማሽ ሥራ ይሆናል።